የጅብራ አምባው ባለጎፈር

በድኑን መጀመሪያ ያገኙት ቁራዎች ናቸው። ከቁራዎቹ ቀጥለው ቄስ መዝሙር ያገኙት፣ የጥቅምት መድኃኔዓለም በዓል በዋለ ማግስት፣ ከደብሩ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ በጅብራ አምባ ጥብቅ ስፍራ በኩል ሲያቋርጡ ነበር።

«ሰው መሰለኝ» አሉ ቄሱ፣ መስቀላቸውን እንደጨበጡ። «ተገፍፎ ሳየው ሰው መሰለኝ። ስመ ሥላሴ ጠርቼ ስጠጋ ነው ጅራቱን ያየሁት።»

ዋና ኢንስፔክተር ወልደኢየሱስ ጎንበስ ብሎ ተመለከተ። አውራ ጭላዳ ነው። በድንጋይ በታጠረው የእግር መንገድ ዳር፣ ለጎብኚ ማረፊያ ከተሠራው አግዳሚ ወንበር አጠገብ፣ በፊቱ ተደፍቷል። ማጅራቱን አንድ ጊዜ ብቻ ተመቷል። ከአንገቱ እስከ ወገቡ ያለው ቆዳ ከነረጅም ጠጉሩ በጥንቃቄ ተገፍፏል፤ የቀረው አልተነካም። ደም ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው። ሣሩም አልተረጋገጠም። ከአግዳሚው ሥር የጠቆረ የሙዝ ልጣጭ ወድቋል።

«አልሸሸም» አለ ወልደኢየሱስ። «ገዳዩ አጠገቡ እስኪደርስ ቁጭ ብሎ ጠብቆታል።»

ረዳቱ ሳጅን አንዳርጋቸው የመለኪያ ሜትሩን እንደያዘ ቆሟል። ከገደሉ ሥር ያለችው የድብ ባሕር ልጅ ነው፤ ይህን ገደል ከነአቋራጩ ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል። በዓሉንም ፈቃድ ወስዶ ወላጆቹ ቤት ነበር የዋለው። ሌላ ጊዜ ቢሆን አንድ ቀልድ አያጣም ነበር።

«ጌታዬ፣ ዝንጀሮ እኮ ነው» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ስንት የሰው መዝገብ ተቆልሎ እያለ!»

«ጭላዳ ነው፣ አንዳርጌ። ከአገራችን ሌላ የትም የለም፤ ሕግም አለው። ለካ።»

ጅብራ አምባ ሰፊ ስፍራ አይደለም። የቀበሌው ሰው ከግጦሹ ቆርሶ «ይህ ደግሞ የአውሬው ይሁን» ብሎ የከለለው፣ አስታና ጅብራ የበቀለበት የገደል አፋፍ ነው፤ በአንድ ጠዋት በእግር ዞረው ይጨርሱታል። ሰስም ድኩላም አለበት። ከጎንደር ድረስ ሰው የሚመጣው ግን ጭላዳዎቹን ለማየት ነው። የመንጋውን አውራ የአገሩ ሰው «ባለጎፈሩ» ይለው ነበር፤ ሣር እየነጨ ሲቀመጥ ካባ የደረበ ደጃዝማች ይመስል ነበርና።

ወልደኢየሱስም ያውቀዋል። መስከረም ላይ ሚስቱን ጽጌሬዳንና ልጁን ሶሊያናን ይዞ ሽርሽር መጥቶ ነበር፤ መኪናውን የነዳላቸውም አንዳርጋቸው ነው። «እንስሳቱን መመገብ ክልክል ነው» የሚለው ሰሌዳ ፊት ለፊት ሶሊያና ሙዝ ልጣ ስትዘረጋ፣ ዘበኛው ሰውአገኝ እየሮጠ መጣ። «ተይ እመቤቴ፣ ተይ፤ የሰው እጅ አይልመድ!» አላት። ወልደኢየሱስ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ከአለቃው ጋር በስልክ ያወራ ነበር። ስልኩን ከጆሮው ሳያነሣ፣ «አንተ ሰውዬ፣ አንድ ሙዝ አይገድለውም!» አለው። ሁሉም ሳቁ።

አሁን ልጣጩን በወረቀት ሲጠቀልል ያ ቃል ትዝ አለውና ጆሮው ጋለ።

*

ሰውአገኝ ጎጆው ደጃፍ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አገኙት። ዕድሜው ወደ ስድሳ የተጠጋ፣ ቀጭን ሰው ነው። ዓይኑ ቀልቷል። ወደ በድኑ አልቀረበም፤ ፊቱንም ወደዚያ አላዞረም።

«ትናንት የት ነበርክ?» አለው ወልደኢየሱስ።

«እዚሁ።»

«ቀኑን ሙሉ?»

«ስዞር ነበርሁ ጌታዬ።»

«ታቦቱ ከገባ በኋላ ሴቶች በዚህ ሲያልፉ ጎጆህ ተዘግቶ ነበር። ቢጠሩህም ድምፅህ አልተሰማም።»

ሰውአገኝ ጋቢውን ወደ አፉ ሳበ። «ስዞር ነዋ።»

«ስትዞር ይህን አላየህም?»

አንዳርጋቸው ጎጆውን ፈትሾ ወጣና አንድ ከረጢት አለቃው እግር ሥር አስቀመጠ። የሙዝ ልጣጭ፣ የብስኩት ወረቀትና የውሃ ላስቲክ ታጭቆበታል። በላዩ የተሳለ ካራ አለ።

«የጎብኚ ቆሻሻ ነው» አለ ሰውአገኝ። «እለቅማለሁ። ካራውም የሽንኩርት ነው።»

ወልደኢየሱስ ነገሩን በልቡ አሰላ። አውራው ከሰው እጅ ሙዝ መብላት የለመደ ነው። ከማን እጅ? እዚህ ላይ ሐሳቡ እንደ በቅሎ ገገመ። ጎብኚ ሁሉ ሲያበላው ኖሯል ብሎ ከጻፈ፣ የጎብኚዎች ስም ይፈለጋል፤ ከጎብኚዎቹ አንዷ ደግሞ ልጁ ናት። ስለዚህ ብዕሩን አነሣና፣ «እንስሳው ከዘበኛው በቀር ለሌላ ሰው አይቀርብም» ብሎ ጻፈ። ጽሑፉ ሲያዩት እውነት ይመስል ነበር።

ሰውአገኝን እጁን በካቴና አስረው በደብሩ ቅጥር በኩል አሳለፉት። የበዓሉ ማግስት ስለነበር ሕዝቡ ለጸበል ጻዲቅ ተሰብስቧል። ከመሐል አንዲት ሴት፣ ስድብ በማይመስል ረጋ ያለ ድምፅ፣ «አደራ በላ» አለች። ሽማግሌው ያኔ ነው ያቀረቀረው፤ መኪናው ውስጥ እስኪገባም ቀና አላለም።

*

ሁለተኛው ተጠርጣሪ ይበልጣል የሚባል ገበሬ ነው። የገብስ ማሳው ከጥብቅ ስፍራው አጥር ጋር ይዋሰናል፤ እሸቱ በደረሰ ቁጥር ጭላዳዎቹ ከሱ በፊት ያጭዱታል።

«የባለጎፈሩን ቆዳ አጎዛ አድርጌ እተኛበታለሁ ብለሃል። አልክ ወይስ አላልክም?»

«ብያለሁ» አለ ይበልጣል ቆጣ ብሎ። «ዓመት በዓመት እላለሁ። ገበሬ ስንቱን ይላል ጌታዬ! አምና የቀበሌውን ሊቀ መንበር በሬ እንዲወጋው ተስዬ ነበር፤ ይኸው ወፍሮ ሊፈነዳ ነው።»

አንዳርጋቸው አልሳቀም። ወልደኢየሱስ ግን ፈገግታውን በእጁ ሸሸገ።

«የበዓሉ ዕለት ከማኅበሩ መሐል ተነሥተህ ጠፍተሃል። ብዙ ሰው አይቶሃል። የት ሄድክ?»

የገበሬው ፊት ወዲያው ተለወጠ። «ሰው ሸኘሁ።»

«ማንን?»

«ይተዉት።»

«ወዴት ነው የሸኘኸው?»

«ምነው ጌታዬ፣ ይተዉት አልሁ እኮ! ቃል ገብቻለሁ። ከፈለጉ እኔንም ይሰሩኝ።»

ሲወጣ ወልደኢየሱስ ወደ ረዳቱ ዞረ። «ሁለቱ ተማክረዋል። አንዱ አቅርቦ፣ አንዱ መትቶ ይሆናል። ምን ይመስልሃል?»

«እርስዎ ያሉት ነው ጌታዬ» አለ አንዳርጋቸው፣ የጫማውን ጫፍ እያየ።

*

የሰውአገኝ ሚስት ዝናሽ እሱ በታሰረበት ጎንደር፣ ቀሐ ሰፈር፣ ዘመድ ቤት ተጠግታ በየጠዋቱ ለባሏ ስንቅ ታመጣለች። ሳህኑን ለጠባቂው ሰጥታ ከአጥሩ ሥር ትቀመጣለች፤ ወልደኢየሱስ ሲያልፍ ብድግ ብላ እጅ ትነሣለች። ባትነሣ ይመርጥ ነበር።

አንድ ቀን መንገዱን ዘጋችበት።

«ሸጋ አደሩ ጌታዬ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ነገሩ በሕግ ይጣራል፣ እህቴ።»

«ይጣራ። ባሌ ሰነፍ ይሆናል፤ ጠላ አይቶ አያልፍ ይሆናል። አደራ በላ ግን አይደለም። እግዜር ልጅ አልሰጠንም፤ ማታ ማታ የሚያወራኝ ስለዚያ አውሬ ነበር፤ ዛሬ እንዲህ ሆነ፣ ዛሬ እንዲህ አደረገ እያለ። ምነው አንድ ቀን እንኳ ስለ አውሬው አይጠይቁት? እጁን ብቻ ነው የሚጠይቁት።»

«እጁን?»

«ምን አደረግህ፣ በምን መታህ፣ ለማን ሸጥህ። ጌታዬ፣ ሽማግሌዎቹ አውጫጭኝ ጠርተዋል። ከጾሙ መግቢያ በኋላ ባለው እሁድ ነው። ያን ቀን ጥፋተኛ ከተባለ ከማኅበር ይወጣል፤ እሳት የሚያጭረን ጎረቤት አይኖርም። አገር ለቀን የት እንገባለን?»

ወልደኢየሱስ ሰዓቱን አየ። ሰዓቱ ምንም የሚያስቸኩል ነገር አልነበረበትም።

*

ከጥቅምት መግቢያ ጀምሮ ሲወራ የቆየው የወልደኢየሱስ የማዕረግ ዕድገት የተከበረው በጾመ ነቢያት ቅበላ ዋዜማ፣ እቤቱ ነው። ጽጌሬዳ ከሆስፒታል ባልደረቦቿን ጠርታለች፤ ሶሊያና ከዩኒቨርሲቲ ጓደኞቿን አምጥታለች። የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ካባ ደረቡለት፤ ጋሻና ጦር አስያዙት። በመጨረሻ አንዳርጋቸው ነጠላ የለበሰ ነገር በሁለት እጁ ይዞ ተነሣ።

«ይህን የምሰጠው እንደ ልጅ ነው» አለ። «የአያቴ ጎፈር ነው። ለሚገባው ሰው ይገባል።»

ነጠላውን ገለጠ። ረጅም፣ ወርቃማ ቡናማ ጎፈር ነው። ቤቱ በእልልታ ተናጋ። ወልደኢየሱስ ራሱ ላይ ደፋው፤ ጠጉሩ በትከሻው ላይ ተዘናፈለ።

«ኧረ አንዳርጋቸው!» አለ ከእንግዶቹ አንዱ። «የአያትህ ጎፈር እንደ አለቃህ ሸብቷል!»

እውነቱን ነው። ከግራ ጆሮው በላይ መዳፍ የምታህል ነጭ ጠጉር ነበረች። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ፎቶ ተነሣ። በዚያ ሁካታ መካከል አንድ ሽታ ወልደኢየሱስ አፍንጫ ገባ፤ ቅቤና ጢስ ተቀብቶም ያልጠፋ፣ የእርጥብ ቆዳ ሽታ። የአያት ጎፈር እንዲህ አይሸትም። ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ ሽታ ሲከተል የኖረ አፍንጫ ነው፤ አልተሳሳተም። ግን ሰው እያጨበጨበ ነው፤ ሚስቱ በደስታ እያለቀሰች ነው። አፍንጫውን ዝም አሰኘው።

*

በማግስቱ ሶሊያና በሩን ሳታንኳኳ ገብታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«አባዬ፣ አንድ ነገር ልንገርህ፤ እንዳትቆጣ።»

«ተናገሪ።»

«ያ ዘበኛ የታሰረው ጭላዳው ከሱ በቀር ለማንም አይቀርብም ተብሎ ነው አሉ። እውነት አይደለም እኮ። ከእጄ ነው የበላው። እንደሞተ ስሰማ አፍሬ ፎቶውን ከፌስቡክ አጠፋሁት፤ ስልኬ ላይ ግን አለ።»

ስልኩን ዘረጋችለት። ፎቶው ከጎን የተነሣ ነው። ሶሊያና ተንበርክካ ትስቃለች፤ አውራው ሙዙን ከመዳፏ ይቀበላል። በስተጀርባ አግዳሚው ላይ ወልደኢየሱስ ስልክ ያወራል፤ ፊቱን ወደ ገደሉ አዙሯል። የእንስሳው ግራ ትከሻ ላይ፣ በወርቃማው ጠጉር መካከል፣ መዳፍ የምታህል ነጭ አለች።

ወልደኢየሱስ ተነሥቶ ቁም ሳጥኑን ከፈተ። ጎፈሩን አውርዶ ከፎቶው አጠገብ አልጋው ላይ ዘረጋው። የነጯ ቅርጽ አንድ ነው፤ ከታች ሰፋ፣ ከላይ ሹል ያለች ናት።

ሶሊያና አፏን በእጇ ያዘች።

ጽጌሬዳ ነገሩን ስትሰማ በሩን ዘጋችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አቃጥለው።»

«ምን?»

«ጓሮ አቃጥለው። ዘበኛውን ማስረጃ የለም ብለህ ፍታው። ማን ያውቃል? ፎቶ ተነሥተህ እኮ ነው! አገር ሁሉ አይቶሃል! እንዴት ብለን ነው ከቤት የምንወጣው?»

ወልደኢየሱስ ጎፈሩን አጥፎ በቦርሳ ከተተው። መልስ ያልሰጣት ስላልተስማማ አልነበረም፤ እሱም ለአፍታ ያንኑ አስቦ ስለነበረ ነው።

*

ወደ እስር ክፍሉ ሲገባ ሰውአገኝ ሊነሣ ሞከረ።

«ይቀመጡ፣ አያ ሰውአገኝ።»

ሽማግሌው በአጠራሩ ደንግጦ አየው።

«ስለ ባለጎፈሩ ይንገሩኝ። ምን ይመስል ነበር?»

ሰውአገኝ ሲናገር ድምፁ ሌላ ሆነ። «ከግራ ትከሻው ነጭ ነበረው። ነብር ቧጭሮት ነው፤ ቁስሉ ሲድን ጠጉሩ ነጥቶ በቀለ። ሲቆጣ ከንፈሩን ይገለብጣል፤ ሲጠግብ ጀርባውን ሰጥቶኝ ይቀመጣል። ለሚያምነው ሰው ብቻ ነው ጀርባውን የሚሰጥ። ኋላ ግን፣ ሙዙ ከመጣ ወዲህ፣ ለሁሉም ሰጠ።»

ወልደኢየሱስ ግድግዳውን ደገፍ አለ። «የበዓሉ ዕለት የት ነበሩ?»

«ጌታዬ…»

«ገዳዩ እርስዎ እንዳልሆኑ አውቄያለሁ። ግን የት ነበሩ?»

ሽማግሌው ጋቢውን ፊቱ ላይ ሸፈነ። ከጋቢው ሥር ነው የተናገረው። «ሰክሬ ነበር። ከማኅበሩ ጠላ ላይ ወደቅሁ። ይበልጣል በትከሻው ተሸክሞ ቤቱ አስገባኝ፤ ዝናሽ እንዳታየኝ ብሎ። ነውሬን አታውጣ ብዬ በመስቀል አስማልሁት። እኔ ተኝቼ ነው የገደሉት ጌታዬ። ሌባ ቢሉኝ ይሻለኛል። ዘበኛ ተኝቶ አደራው ተበላ ከሚሉ፣ ሌባ ይበሉኝ።»

*

አንዳርጋቸውን ቢሮው አስጠርቶ ቦርሳውን ጠረጴዛው ላይ ከፈተ። ሌላ ነገር አላሳየውም።

ሳጅኑ ከወንበሩ አልተነሣም፤ አልካደምም። «መቼ አወቁ?» ብቻ አለ።

«የደፋሁት ዕለት ነው ማወቅ የነበረብኝ። ለምን አንዳርጌ?»

«እርስዎ እኮ ነዎት ያሉት።»

«እኔ?»

«በመስከረም ስንመለስ፣ መኪና ውስጥ። ‹ያን ጎፈር የደፋ ሰው ሌላ ሹመት አያምረውም› ብለው ነበር። እኔ እየነዳሁ ሰማሁ። እርስዎ ለኔ ያላደረጉት የለም፤ ኮርስ ያስገቡኝ እርስዎ፣ የሠርጌ ሚዜ እርስዎ። ዕድገትዎ ሲሰማ ምን ልስጣቸው ብዬ ሳስብ ያ ቃል መጣብኝ።»

ወልደኢየሱስ ቃሉን አስታወሰ። መንገዱ እንዳይሰለቻቸው ብሎ የጣለው ቀልድ ነበር። ትልቅ ሰው ሲያደንቅ ትንሹ እንደ ትእዛዝ የሚሰማበት አገር ተወልዶ፣ ቃሉን እንደ ሙዝ ልጣጭ ከመኪና ወረወረው።

«በበዓሉ ዕለት ሕዝቡ ታቦት አስገብቶ ማኅበር ሲቀመጥ በአቋራጩ ወጣሁ» አለ አንዳርጋቸው። «ሙዝ ይዤ ነበር። ቢሸሸኝ ኖሮ ትቼው እመለስ ነበር ጌታዬ፤ እውነቴን ነው። አልሸሸኝም። እጄ ላይ መጣ፤ በላና ጀርባውን ሰጠኝ።»

ወልደኢየሱስ ወረቀትና ብዕር ሳበ።

«ሽማግሌውን ሳስር አጠገቤ ነበርክ። ከረጢቱን ያመጣኸው አንተ ነህ።»

«መዝገቡ እኛ ጋ ይመጣል ብዬ አላሰብኩም። ከመጣም በኋላ ነገ እናገራለሁ፣ ነገ እናገራለሁ ስል… ስጦታው ይለፍና አልኩ። ካለፈ በኋላ ደግሞ እንዴት ይባላል?» ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «የሽማግሌው ሚስት በየጠዋቱ ትነሣልኛለች ጌታዬ። ለኔም እጅ ትነሣልኛለች።»

ወልደኢየሱስ የሳጅኑን ቃል ጽፎ አስፈረመው፤ የራሱንም ጻፈ፤ ስለ ዘበኛው የጻፈውን የሐሰት መስመር ሳይቀር። አለቃው አንብቦ ጨረሰና ወረቀቱን በመዳፉ ሸፈነ። «ዘበኛው ዛሬ ይፈታ። ሳጅኑ መሣሪያውን አስረክቦ በዋስ ይቆይ። የቀረውን በጸጥታ እንጨርሰዋለን። ስምህንም የመሥሪያ ቤቱንም ስም ምን አስጎተተህ?»

«የሰውዬው ስም ግን እዚያው ደብር ቅጥር ውስጥ ነው የወደቀው።»

«እሱ የኛ ሥራ አይደለም።»

ወጥቶ በረንዳው ላይ ለቆመው አንዳርጋቸው፣ «እሁድ ጅብራ አምባ ነኝ» አለው። «መምጣትም መቅረትም ያንተ ነው።»

*

አውጫጭኙ ከቅዳሴ በኋላ በደብሩ ሜዳ፣ ከጥዱ ሥር ተቀመጠ። ደንቡ የታወቀ ነው። አዋቂ የተባለ ሁሉ ይገኛል፤ ሁሉም ሳይጠየቅ ማንም አይነሣም። እያንዳንዱ በተራው ቆሞ «አይተሃል? ሰምተሃል?» ይባላል፤ ይምላል። አይቶ የፈራ ሰው በሽማግሌው ጆሮ ሹክ ይላል፤ ሽማግሌውም ማንነቱን ሳይገልጥ «ወፍ ነገረችኝ» ብሎ ያወጣዋል። ለወልደኢየሱስ ከሽማግሌዎቹ ጎን የባለሥልጣን ወንበር ተዘጋጅቶለት ነበር፤ ባለሥልጣን አይምልምና። ሰውአገኝ ከዝናሽ ጋር ለብቻው ቆሟል። አጠገቡ የቆመ ሰው የለም።

የይበልጣል ተራ ደረሰ።

«አይተሃል?» አሉት ቄስ መዝሙር።

ገበሬው ወደ ሰውአገኝ ዞረ። ሽማግሌው ዓይኑን ጨፍኖ፣ ተናገር እንደማለት ራሱን ነቀነቀ።

«የገደለውን አላየሁም። ይህን ሰው ግን አይቻለሁ። በበዓሉ ዕለት ሰክሮ፣ በትከሻዬ ተሸክሜ፣ ከቤቴ አስተኝቸዋለሁ። እስኪመሽ አልተነሣም። ከባድ ሰው ነው፤ እስተዛሬ ወገቤን ያመኛል።»

ሕዝቡ ሳቀ። ሰውአገኝ መሬት ብትውጠው በወደደ። ዝናሽ አልሳቀችም፤ እጁን ያዘች።

«እንግዲያ ማነው የገደለው?» አለ ከኋላ አንድ ድምፅ። «ይበልጣል ወዳጁን ሊያድን ቢምልስ?»

«እውነት ነው፤ ቆዳውስ የት ገባ?» አለ ሌላው።

መጠየቁ ቀጠለ። አላየሁም፣ አልሰማሁም። አላየሁም፣ አልሰማሁም። ወልደኢየሱስ እጁ ቦርሳው ላይ ነበር። መቀመጥ ይቻል ነበር። ከወንበሩ ሳይነሣ፣ «ፖሊስ ይህን ሰው ነጻ ብሏል» ብሎ መሄድ ይቻል ነበር፤ ግማሹ ያምን፣ ግማሹ ያንሾካሹክ ነበር።

ተነሣና በሰልፉ መጨረሻ ሄዶ ቆመ። ተራው ሲደርስ ቄስ መዝሙር ግራ ተጋብተው ጆሯቸውን አዘነበሉለት።

«እርስዎ መማል አይገባዎትም ልጄ። የሚያውቁት ካለ በጆሮዬ ይበሉኝ። ወፍ ነገረችኝ እላለሁ።»

የቄሱ ጆሮ ቅርብ ነበረች። አንድ ሹክታ ብቻ ነበር የሚያስፈልገው።

«በጆሮ አይሆንም፣ አባ።»

ጎፈሩን ከቦርሳው አወጣ። ከሕዝቡ መሐል አንዲት ሴት «ውይ!» አለች፤ ያቺው «አደራ በላ» ያለችው ሴት ናት።

«አይቻለሁ» አለ ወልደኢየሱስ። ጎፈሩን ሁሉ እንዲያየው ከፍ አደረገው። «አይቻለሁ፤ ሰምቻለሁ። ደፍቼዋለሁም። ለክብሬ ተብሎ ነው የተገደለው። የሰው እጅ ያስለመደው የኔ ቤተሰብ ነው፤ አያ ሰውአገኝ ተዉ ሲሉን የሳቅሁባቸው እኔ ነኝ። ከሳቸው በቀር ለማንም አይቀርብም ብዬ የጻፍሁትም እኔ ነኝ። ሐሰት መሆኑን እያወቅሁ ነው የጻፍሁት።»

የሚሰድበው ሰው ጠበቀ። ማንም አልሰደበውም፤ ያ ከስድብ ከበደ። ሰዎች ዓይናቸውን ከሱ ላይ አነሡ፤ ልብሱ የተገፈፈ ሰው ፊታቸው የቆመ ይመስል ወደ መሬት፣ ወደ ጥዱ፣ ወደ ገደሉ አዩ።

ሰውአገኝ ከቆመበት መጣ። ወልደኢየሱስን አላየውም። ጎፈሩን በሁለት እጁ ተቀበለና ጣቶቹ ነጯን እስኪያገኙ ድረስ ጠጉሩን ዳሰሰ።

«እሱ ነው» አለ።

ተመልሶ ከዝናሽ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠ፤ ጎፈሩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ። ትንሽ ቆይቶ ይበልጣል ሄዶ ከጎኑ ተቀመጠ። ከይበልጣል ቀጥሎ አንድ ሌላ ሰው።

ቄስ መዝሙር መስቀላቸውን አነሡ። ደንቡ አልተፈጸመም፤ ሁሉም ሳይጠየቅ አይነሣም።

«ቀጣይ» አሉ።

ወልደኢየሱስ ቦታውን ለመልቀቅ ዞር ሲል፣ ከኋላው የቆመውን ሰው አየ። ተራ ልብስ ለብሷል፤ ሱሪው እስከ ጉልበቱ የአቋራጩን አቧራ ለብሷል፤ እጆቹን የት እንደሚያደርጋቸው አላወቀም።

«አይተሃል?» አሉት ቄሱ። «ሰምተሃል?»

አንዳርጋቸው ቀና አለ።